ሰመር ክረምት ነው ወይስ በጋ? (ስለ እንግሊዝኛ ዘይቤዎች አነባበባችን)

ነገሩ የተነሣው በአንድ ቃል ምክንያት ነው። በግጥም ክፍለ ጊዜ የሼክስፒር ዐሥራ ስምንተኛው ሶኔት ቀርቦልን ነበር፤ ገጣሚው የሚወደውን ሰው ከአንድ የ«ሰመር» ቀን ጋር ለማነጻጸር የሚነሣበት ማለታችን ነው። መምህራችን ከመካከላችን አንዱን አስነሥተው የመጀመሪያውን ሐሳብ በአማርኛ እንዲነግረን ጠየቁት። ልጁ ሰነፍ የሚባል አይደለም። አንድ አፍታም ሳያመነታ «የክረምት ቀን ትመስያለሽ ነው የሚላት» አለ። ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ከኋላ ወንበር አንዱ፣ «እንግዲያው ጃንጥላዋን ይዛ ትምጣ!» ብሎ ጨመረበት። መምህራችንም ፈገግ ብለው «በጋ ነው» አሉና አለፉ።

እኛም ከሣቂዎቹ ነበርን። ማታ እራት በልተን ነገሩን መልሰን ስናነሣው ግን ሳቃችን ራሳችንን አሳፈረን። ለመሆኑ ልጁ ምን አጠፋ? ከልጅነታችን ጀምሮ «ሰመር ቫኬሽን» የክረምት ዕረፍት ነው ተብለን ነው ያደግነው። እንግሊዞች ሰመር የሚሉት ጁንን፣ ጁላይንና ኦገስትን ነው፤ እነዚህም ቀኑ ትንሽ ቢሸራረፍም የኛ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። በወር ከሄድን እንግዲህ ልጁ አልተሳሳተም። በሐምሌ እዚህ ምን እንዳለ የታወቀ ነው፤ ጭቃ፣ ጉም፣ የሚያፈስ ጣራ። ታዲያ «በጋ ነው» ያልነውስ ልክ ነን? የኛ በጋ በቀን መቁጠሪያችን ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለው ጊዜ ነው። ሣሩ የሚደርቅበት፣ አቧራ የሚነሣበት፣ ከብቱ የሚከሳበት ወራት ነው። ማን ነው ወዳጁን ከየካቲት አቧራ ጋር አነጻጽሮ ልቧን አገኛለሁ የሚል?

ከመዝገበ ቃላቱ ይልቅ ካርታ ብናይ ይሻለን ነበር። ለንደን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 51 ዲግሪ ተኩል ላይ ያለች ከተማ ናት። በታኅሣሥ የቀኑ ብርሃን 8 ሰዓት አይሞላም፤ በሰኔ ደግሞ ወደ 16 ሰዓት ተኩል ይደርሳል። አዲስ አበባ 9ኛው ዲግሪ አካባቢ ስለሆነች የዓመቱ ረጅሙ ቀናችን ከአጭሩ የሚበልጠው በ1 ሰዓት ገደማ ነው። ብርሃን ለኛ የዘወትር ቀለብ ነው፤ ለነሱ ግን ጠብቀው የሚያገኙት፣ አግኝተውም ወዲያው የሚያጡት ነገር ነው። የሰመር ቀን ማለት እንግዲህ ከብርድና ከጨለማ በኋላ የመጣ፣ አረንጓዴ የለበሰ፣ ቀኑ ረጅም ሆኖ ወራቱ ግን አጭር የሆነ ብርሃን ነው። ዘይቤው የቆመው በዚህ ላይ ነው። ይህን ያልያዘ አንባቢ «ተነጻጻሪ ዘይቤ» ብሎ ስም ቢያወጣለት ምን ይረባዋል?

ሁለተኛ ስሕተትም ነበር፤ እሱን ደግሞ ማናችንም አላየነውም። «ትመስያለሽ» ስንል ሴት ናት ብለን ወሰንን ማለት ነው። እንግሊዝኛው ግን ይህን አይናገርም፤ ለሁለተኛው ሰው የሚጠቀምበት ተውላጠ ስም ወንድ ሴት አይለይም። በ1609 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር፤ ወደፊት የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ካልተናገርን በቀር እንዲሁ ናቸው) ከታተሙት 154 ሶኔቶች የመጀመሪያዎቹ 126ቱ ለአንድ ወጣት ወንድ እንደ ተጻፉ አድርገው የሚወስዱ ሊቃውንት ብዙ ናቸው፤ ዐሥራ ስምንተኛውም ከነዚያ ውስጥ ነው። አማርኛ ግን «ሽ» ወይም «ህ» ሳይል አንዲት እርምጃ አይራመድም። «እርስዎ» ብለን ብንሸሽስ ያለ ባልንጀራ አለን። እሱንም ሞከርነው፤ ፍቅሩ የአማት ፍቅር መሰለ! ደግሞ በሼክስፒር ዘመን እንግሊዝኛም የራሱ አንተና አንቱ ነበረው፤ በዚህ ግጥም የገባው ደግሞ የቅርብ ሰው የሚጠራበት፣ የ«አንተ» ወገን የሆነው ነው። እናም መሸሻ የለም፤ ተርጓሚው ገጣሚው ያልወሰነውን መወሰን አለበት።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ሦስተኛው ነው። ግጥሙ ማነጻጸሩን ይጀምርና ወዲያው ያፈርሰዋል። ሰመር ጉድለት አለበት ይላል፤ ነፋሱ እምቡጡን ያናውጣል፣ ወራቱ ያልቃል፣ ፀሐይዋ አንዳንዴ ታቃጥላለች አንዳንዴ በደመና ትሸፈናለች። የሚወደው ሰው ግን ከዚህ ይበልጣል፤ ለዚያውም የማይጠወልገው በራሱ ኃይል ሳይሆን በዚህ ግጥም ውስጥ ስለ ተጻፈ ነው። ስለዚህ ግጥሙ ማነጻጸሪያ አቅርቦ «ይህ አልበቃም» የሚል ግጥም ነው። በአንድ ፈተና ላይ «በስንኙ ያለው ዘይቤ ምንድን ነው?» ተብለን «ተነጻጻሪ» ብለን ሙሉ ነጥብ ያገኘን ሰዎች ነን። አሁን ሲገባን፣ ያን ነጥብ ያገኘነው ግጥሙን ስላነበብን ሳይሆን ሳናነብ ስለቀረን ነው። ሼክስፒር ራሱ በ130ኛው ሶኔት ይህን የማነጻጸር ልማድ ፊት ለፊት ይቀልድበታል፤ የወዳጄ ዓይን ፀሐይን አይመስልም፣ ከንፈሯም እንደ ዛጎል አልቀላም በሚል አካሄድ እየሄደ፣ በዘመኑ ገጣሚ ሁሉ የሚደረደረውን ውዳሴ አንድ በአንድ ይጥለዋል። በኛም ቢሆን «አንገቷ ብርሌ፣ ጥርሷ ወተት፣ ጠጉሯ የሐር ነዶ» እያልን ለስንቷ አንድ ዓይነት ልብስ አለበስናት! አንድ ደፋር ገጣሚ ተነሥቶ «የወዳጄ አንገት ብርሌ አይደለም፤ ብርሌ ቢሆን ተሰብሮ ነበር» ቢለን ደስ ባለን።

ስም ማውጣቱን ጨርሶ ንቀነው እንዳልሆነ እንናገር። ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ እንቶኔ፣ ግነት፣ ምፀት የሚሉት ቃላት ባይኖሩ በምን እንነጋገር ነበር? እንግሊዞችም በዚህ ተቸግረዋል። ጆርጅ ፐተናም የሚባል ሰው በ1589 ስለ እንግሊዝኛ የግጥም ጥበብ መጽሐፍ ሲያሳትም የግሪኩንና የላቲኑን ስም ሁሉ ለአገሩ ሰው በሚገባ ቃል ሊለውጠው ሞከረ። ምፀትን ደረቅ ፌዝ፣ ግነትን ደግሞ ጮኾ ዋሽ እንደ ማለት አድርጎ ሰየማቸው። ስሞቹ አልጸደቁም፤ ሰዉ ወደ ግሪኩ ተመለሰ። እኛ ግን ስናነባቸው ከትከት ብለን ሣቅን፤ ምክንያቱም የፐተናም ስሞች ዘይቤው ምን እንደሚሠራ ይናገራሉ። ኛ የምንሸመድደው ዝርዝር ግን ዘይቤው ምን ዓይነት ልብስ እንደ ለበሰ ብቻ ነው የሚነግረን፤ «እንደ» ካለበት ተነጻጻሪ፣ «እንደ» ከሌለበት ተለዋጭ። በዚህ መለኪያማ «እንደ» የምትለዋን ቃል ፈልጎ የሚያገኝ ሁሉ ሐያሲ ነው።

ወደ ዋናው ጠባችን እንምጣ። ባለፈው ዕትም አንድ ባልንጀራችን፣ እኛ ኢትዮጵያውያን የሰምና ወርቅ ባለቤቶች ስለሆንን የእንግሊዝኛ ዘይቤ ሊከብደን አይገባም፤ ሰሙን አንሥተን ወርቁን ማውጣት ብቻ ነው ሲል ጽፎ ነበር። ጽሑፉ ይጥማል፤ ኩራቱንም እንጋራለን። ሐሳቡን ግን አንቀበለውም።

ምሳሌው ከየት እንደ መጣ እናስታውስ። አንጥረኛው የሚሠራውን ጌጥ አስቀድሞ በሰም ይቀርጸዋል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በባዶው ስፍራ ወርቁ ይፈስሳል። ሰሙ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። በቅኔ ቤትም ተማሪው የሚፈተነው የተሸሸገውን አግኝቶ በማውጣት ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ ስንቱን ስታስጨንቅ አድራለች። በዚህ ዓይን የሰለጠነ አንባቢ እንግሊዝኛ ግጥም ሲያገኝ የመጀመሪያ ጥያቄው «ምን ለማለት ነው?» የሚል ነው። መልሱን ሲያገኝ ሰሙን ይጥለዋል። ሰመሩን ጥሎ «ቆንጆ ነሽ ማለቱ ነው» ይልና ደብተሩን ይዘጋል። ሼክስፒር ይህን ለማለት 14 ስንኝ ምን አስፈለገው?

ሪቻርድስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐያሲ በ1936 ባሳተመው የንግግር ጥበብ መጽሐፉ ተለዋጭ ዘይቤን ለሁለት ከፍሎ አይቶታል፤ አንዱ የሚጫነው ሐሳብ ነው፣ ሁለተኛው የሚጭነው ነገር። በችኮላ ስናየው ሰምና ወርቅ ይመስላል። ሪቻርድስ አጥብቆ የሚናገረው ግን ትርጉሙ ያለው በሁለቱ መገናኘት ውስጥ ነው፣ ለየብቻ ሲሆኑ አንዳቸውም ያን ትርጉም አይሰጡም የሚለውን ነው። ጭነቱን አውርደን በቅሎዋን ልናባርር አንችልም ማለት ነው። እዚህ ላይ ቅኔ አዋቂ ወዳጆቻችን ቢቆጡን እውነት አላቸው፤ ጥሩ ቅኔም ሰሙ ከወርቁ ጋር እየተናነቀ የሚኖርበት እንጂ ሰሙ ዝም ብሎ ቅርፊት የሆነበት አይደለም። እኛ የምንወቅሰው ቅኔን ሳይሆን የኛን፣ የዩኒቨርስቲ ተማሪዎቹን፣ የችኮላ ልጣጭ ነው።

ሰምና ወርቃችን በእርግጥ የሚረዳን ሌላ ቦታ አለ፤ እሱም በኅብር ነው። የሼክስፒር «ሪቻርድ ሦስተኛ» ሲከፈት ግሎስተር ብቻውን ወጥቶ ይናገራል። የመከራው ክረምት፣ ይላል በሐሳቡ፣ በዮርክ ፀሐይ ምክንያት ወደ ሰመር ተለወጠ። እዚህ ላይ ፀሐይ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልና ወንድ ልጅ የሚለው ቃል ሲነገሩ አንድ ናቸው፤ «ሰን» ነው ሁለቱም። ያ ልጅ ደግሞ የዮርክ መስፍን ልጅ የሆነው ንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛ ነው፤ የንጉሡም አርማ ፀሐይ ነበር። አንዲት ቃል ልጁን፣ ፀሐዩንና አርማውን ተሸከመች። ለዚህ የኛ ጆሮ ዝግጁ ነው፤ ማንም ሳይነግረን «ኅብር!» እንላለን። ልዩነቱን ግን ልብ እንበል። በእንግሊዝኛው ሁለቱ ቃላት አጻጻፋቸው ይለያያል፣ ድምፃቸው አንድ ነው፤ ጨዋታው ለጆሮ ነው። በአማርኛ ደግሞ «ገና» ብለን ስንጽፍ ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፤ ፊደሉ አንድ፣ ድምፁ ሁለት። የኛ ፊደል ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ ሸሽጎ ይዞልናል። እንግሊዙ ተመልካች በጆሮው የሚያገኘውን የኛ አንባቢ በዓይኑ ሊያገኘው የሚችልበት ጊዜ አለ፤ የተገላቢጦሹም እንዲሁ። ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልዬት»ን፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ ኦቴሎን፣ ማክቤዝንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ ሲመልሱ ከዚህ ጋር ስንት ሌሊት ታግለው ይሆን?

በነገራችን ላይ፣ ያን የግሎስተርን የመጀመሪያ ስንኝ ብቻውን ቆርጠው የሚጠቅሱት ብዙዎች ናቸው። ከ1978 እስከ 1979 በእንግሊዝ አገር ሥራ ማቆም በበረታበት ጊዜ ጋዜጦቹ ለዚያ ክረምት ስም ያወጡለት ከዚሁ ስንኝ ነው። ተቆርጦ ሲነበብ መከራው አሁን ነው የሚል ይመስላል። ዓረፍተ ነገሩ ግን በሁለተኛው ስንኝ ላይ ነው የሚያልቀው፤ ሲያልቅ መከራው አለፈ ይላል። ታዲያ ዓረፍተ ነገሩን እስከ ነጥቡ ሳያነቡ ዘይቤ መፍታት የኛ ብቻ ሕመም አለመሆኑ አያጽናናም?

ስለ ጆን ደን በአጭሩ እንለፍ። ገጣሚው በ1631 ሞተ፤ ግጥሞቹ በ1633 ታተሙ። ከነሱ በአንዱ፣ መንገድ የሚሄድ ሰው ለሚለያት ሴት የሁለታችን ነፍስ እንደ ኮምፓስ እግሮች ነው ይላታል። ከመካከላችን ሁለት ሰዎች ይህን ሲያነቡ ያሰቡት መርከበኛ የሚይዘውን፣ ሰሜንን የሚያመለክተውን ኮምፓስ ነበር። ከዚያ በኋላ «እግር» የሚለው እንዴት ሊገባቸው! ነገሩ በጂኦሜትሪ ሳጥናችን ውስጥ የነበረው ክብ መሥሪያ ነው። አንዷ እግር መሐል ተተክላ ትቀመጣለች፤ ሁለተኛዋ ስትርቅ እሷም ወደዚያው ታዘነብላለች፤ ስትመለስ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ሳሙኤል ጆንሰን እንዲህ ያለውን የማይገናኝ ነገር በግድ ማጣመር ብሎ በ1779 ነቅፎታል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። የኮምፓስ እግር ይዞ ክብ ሠርቶ የሚያውቅ ሁሉ ያችን የማዘንበል እንቅስቃሴ በእጁ ያውቃታልና፣ ብርድ ያለው የብረት ዕቃ ስለ ናፍቆት ሊናገር መቻሉ ነው ያስደነቀን።

አሁን ወደ ከበደን ነገር። ጆናታን ስዊፍት በደብሊን የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ዲን የነበረ ቄስ ነው። በ1729 ትንሽ ጽሑፍ አሳተመ፤ ርእሷ «መጠነኛ ሐሳብ» ማለት ነው። በውስጧ የሚናገረው ሰው ስለ አየርላንድ ድኾች ብዛት አዝኖ ሒሳብ ያወጣል። በዓመት 120,000 የድኻ ልጆች ይወለዳሉ፤ 20,000ው ለዘር ይቅሩ፤ የቀሩት 100,000 ግን አንድ ዓመት ሲሞላቸው ለባለጠጎች ማዕድ ይሸጡ ይላል። ዋጋው፣ የሥጋው አዘገጃጀት፣ የቆዳው ጥቅም ሁሉ ተቆጥሮ ቀርቧል። ድምፁ የተረጋጋ ነው፤ አንድም ቦታ አይጮኽም።

ይህን ጽሑፍ በተመለከተ ወረቀት እንድንሠራ ታዘን ነበር። አንድ ባልንጀራችን «ጸሐፊው ጨካኝ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው መታተም አልነበረበትም» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱ በቀይ ቀለም «ምፀት ነው!» ተብሎበት ተመለሰ፤ ውጤቱም ወደቀ። እኛ ሌሎቻችን «ምፀት» የምትለዋን ቃል በመጀመሪያው አንቀጽ አስገብተን ጥሩ ጥሩ ውጤት ወሰድን። እንግዲህ ልጁ አልገባውም ብለን ልናስረዳው በማታ ከበብነው። እሱ ግን ያለው ነገር እስካሁን ከጆሯችን አልጠፋም። እናቱ በ1977 በኛ አቆጣጠር፣ በዚያ ረኃብ፣ ወንድማቸውን መንገድ ላይ የቀበሩ ሴት ናቸው። «እናንተ እንዲህ ያለ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው የለም ብላችሁ ነው የምትሥቁት?» አለን። «ይሄን ያህል ሺህ ሰው፣ ይሄን ያህል ኩንታል፣ ይሄን ያህል ሺህ ይቀንሳል እያለ የሚጽፍ ሰው የለም?»

ዝም አልን። የስዊፍት ምፀት የሚሠራው እኮ እንዲህ ያለ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ስላለ ነው። በዚያ ዘመን ስለ ድኻ በሒሳብ ቋንቋ የሚጻፉ ምክሮች ሞልተው ነበር፤ ስዊፍት የነሱን ልብስ ለብሶ ነው የወጣው። ባልንጀራችን ልብሱን አወቀው፤ ያላወቀው ልብሱን የለበሰው ሌላ ሰው መሆኑን ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ሌላ ሰው መሆኑን ተነገረንና፣ ልብሱ የማን እንደ ነበረ ሳንጠይቅ ተኛን። ከሁለታችን ማን ነው ስዊፍትን በተሻለ ያነበበ?

ሌላም አለ። በጽሑፉ አንድ ቦታ ላይ ይህ ምግብ ለባለ ርስቶቹ የተገባ ነው፣ ወላጆቹን አስቀድመው በልተዋቸዋልና የሚል ሐሳብ ይወረወራል። ጭሰኛን «በላው» ማለት የለመድነው ተለዋጭ ዘይቤ ነው፤ በአማርኛም የሰው ገንዘብ ይበላል፣ ጉቦ ይበላል፣ ድኻም ይበላል። ስዊፍት ያደረገው ይህን የሞተ ዘይቤ ከመቃብር አስነሥቶ፣ ቃሉን እንደ ቃሉ ወስዶ፣ ሳህንና ቢላዋ አቅርቦ እስከ መጨረሻው መሄድ ነው። ጽሑፉ በሙሉ ከዚያች ከአንዲት ግሥ ነው የበቀለ። ይህን ስናይ ምፀቱን ከተለዋጩ መለየት አቃተን፤ የፈተናው ጥያቄ ግን «አንዱን ብቻ ምረጥ» ይላል። ምፀት መሆኑን በራሱ በጽሑፉ ውስጥ ማወቅ ይቻላል ወይ ለሚል ደግሞ መልስ አለ፤ ወደ መጨረሻው ላይ ተናጋሪው «ስለነዚህ መፍትሔዎች ማንም እንዳይነግረኝ» እያለ የሚደረድራቸው አሉ። በውጭ አገር ተቀምጠው ገቢ የሚሰበስቡትን ባለ ርስቶች ግብር ማስከፈል፣ በአገር የተሠራ ዕቃ መጠቀም፣ ለጭሰኛ ምሕረት ማድረግ። በአገር ዕቃ መጠቀምን ስዊፍት ራሱ በ1720 በግልጥ ጽፎ የተሟገተለት ነው። ልንሰማው የሚገባውን «አትንገሩኝ» ብሎ ነገረን።

የሞተ ዘይቤ ካነሣን ዘንድ ጆርጅ ኦርዌል በ1946 ስለ ፖለቲካና ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ የጻፈውን ማለፍ አይቻልም። ከምሳሌዎቹ አንዱ የመዶሻና የመስፍ ነገር ነው። ሰዉ ይህን ሲናገር የሚጎዳው መስፉ እንደሆነ አድርጎ ነው፤ በእውነቱ ግን መዶሻውን የሚሰብረው መስፉ ነው። ማንኛውንም ቀጥቃጭ ብንጠይቅ ይነግረን ነበር። በተሰመረ መስመር ላይ የእግር ጣትን አሰልፎ መቆም የሚለውንም አንዳንዶች በፊደል ስሕተት መስመሩን መጎተት አድርገው ይጽፉታል። ይኸውም የራሳቸው ቋንቋ ተናጋሪዎች ናቸው! ሥዕሉ ከዓይናቸው ስለጠፋ ነው።

እዚህ ላይ ለኛ ለባዕዳኑ አንድ ዕድል አለን፤ ለነሱ የሞተው ለኛ ገና በሕይወት ነው። ቃሉን እየቆጠርን ስለምናነብ ሥዕሉን እናየዋለን። ችግሩ የራሳችንን ሥዕል ይዘን መሄዳችን ነው። «ሆደ ሰፊ» የሚለውን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ ሰው ታጋሹን ሰውዬ ሆዳም አድርጎ ያስቀርበዋል። በነሱም የድሮው እንግሊዝኛ ሆድን የወኔ ማደሪያ ያደርገው ነበር፤ ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት በ1588 ለጦር ሠራዊቷ አደረገችው በሚባለው ንግግር ስለ ልቧና ስለ ሆዷ ስትናገር ስለ ምግብ አይደለም። በኛ ሆድ ይባባል፣ ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይችላል። እነሱ ትምህርትን በልብ ያጠናሉ፣ እኛ በቃል።

ጊዜንም እንይ። ሌኮፍና ጆንሰን በ1980 ባሳተሙት መጽሐፍ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሳያውቀው ጊዜን እንደ ገንዘብ እንደሚቆጥር አሳይተዋል፤ ይወጣል፣ ይቆጠባል፣ ይባክናል። በአማርኛ ግን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ጌታ ነው። ይሰጣል፣ ይነሣል፣ ሰው ይጥላል፤ ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል። «ጊዜ ማባከን» የሚለውን እኛም ዛሬ እንናገራለን፤ ከቢሮ የተማርነው ይመስለናል። አንድ እንግሊዛዊ ጸሐፊ ጊዜውን ስለሚያወጣ ሰው ሲጽፍ እኛ ጊዜ ስለጣለው ሰው ካነበብን፣ ሁለታችን ያየነው ሰውዬ አንድ አይደለም።

ወደ ሰመር እንመለስና ያደረግነውን እንናገር። ባለፈው ቅዳሜ አራት ሆነን ያን ሶኔት ወደ አማርኛ ልንመልስ ተቀመጥን። ክረምት ወደቀ፣ በጋም ወደቀ። አንዱ «መስከረም ይሁን!» አለ፤ ሁላችንም ተነሥተን አጨበጨብን። ጨለማው አልፎ ብርሃን የሚመጣበት፣ አደይ አበባ የሚፈነዳበት፣ ምድር አረንጓዴ የሆነችበት፤ ከለንደን ሰመር ጋር የሚመሳሰል ልብ ያለው የኛ ወር እሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች በመስከረም አማሩ። ወራቱ ያጥራል የሚለውም ሄደልን፤ አደይ እንደሆነች ጥቅምት ሳይጋመስ ጠውልጋ ታልቃለች። ፀሐይዋ ታቃጥላለች የሚለው ላይ ስንደርስ ግን ቆምን። በደጋው ያደገ ሰው የመስከረምን ፀሐይ እንዴት ብሎ ይከሳታል? ሁለቱ ባልንጀሮቻችን ስንኙን እንዝለለው አሉ። ሁለታችን እምቢ አልን፤ ግጥሙ የሚፈልገው ጉድለት ያለበት ወቅት ነውና፣ ጉድለት የሌለበት መስከረም ሰጥተነው የሚወደውን ሰው በምን ሊያስበልጠው ነው? ከቆላ የመጣው ልጅ ደግሞ፣ «እኛ አገር እኮ መስከረምም ያቃጥላል» አለን። የእራት ሰዓት ስላለፈብን ደብተሩን ዘጋነው፤ ሁለት ዓይነት ትርጉም ተጽፎበታል፣ አንዱ ከስንኙ ጋር፣ አንዱ ያለ ስንኙ። ለሚቀጥለው ዕትም ሁለቱንም እናቀርባለን፤ ሦስተኛ ወቅት ያገኘ ካለ ከዚያ በፊት ይምጣ።